ያልመጣው ተከራይ

የደላላ ዘመን ማለፉን ሰቆጣ ላይ መጀመሪያ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በኋላ የደረሰበት ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ዛሬም ሞባይሉን በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ የኢንተርኔት ቤቱን ደጃፍ አልፎ፣ «እስቲ ቤት የሚያፈላልግልኝ ሰው ካወቃችሁ» እያለ የሚዞረውን ሕዝብ ሳይ ዝም እላለሁ። እኔ ግን ያኔ፣ ኢንተርኔት ከተማችን በገባ ሰሞን፣ ደላላ እንደማያስፈልግ በሰው ፊት ተናግሬ፣ በተግባርም አሳይቼ፣ የበኩር ልጄን በስልክ ለማሳደግ በቅቻለሁ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ፤ ስትስቁም ብዙ አትዘኑልኝ፣ እኔ ለሁላችንም የሚበቃ አዝኛለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ወልድያ ነው። ሰቆጣ የመጣሁት በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ነው። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲመጣለት የሚነካው ሰው ጠፋና እኔን ባሕር ዳር ለሥልጠና ላከኝ። ከመሄዴ በፊት ሰው ነበርኩ። ስመለስ ባለሙያ ሆኜ ተመለስኩ። ኮምፒውተሩ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ዳንቴሉን የመግለጥ ሥልጣን ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስገልጠው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየኛል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የሰው ጭንቅላት ያበላሻል።

ባለቤቴ ስንዱ ያኔ ወልድያ አስተማሪ ነበረች። ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ ፈቅደው፣ በወግ በማዕረግ ነው የተጋባነው። ከሠርጉ በኋላ ግን እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ የምንገናኘው ለበዓል ብቻ ሆነ። በኮረም በኩል ያለውን የመንገድ አቧራ የሚያውቅ ሰው ያዝንልኛል፤ ቤቴ ስደርስ ስንዱ መጀመሪያ የምታደርገው ፊቴን ማጠብ ነበር፣ ማን እንደመጣ ለማረጋገጥ። ስንለፋ ኖረን በመጨረሻ ዝውውሯ ተፈቀደ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሰቆጣ ሪፖርት ካላደረገች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባለ። በዚህ ላይ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ስንዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «በሩን ራሴ የምከፍተውና ራሴ የምዘጋው ቤት ፈልግልኝ። ልጄ ባለቀሰ ቁጥር አከራይ መጥታ 'ምን ሆኖ ነው?' እንድትለኝ አልፈልግም» አለችኝ። ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ልመና ይረዳዋል። አከራይ ግቢ ውስጥ ሲኖር መብራትህ ለምን እስካሁን በራ፣ ውሃው ለምን ቶሎ አለቀ፣ ትናንት የመጣው እንግዳ የማን ልጅ ነው፣ ሁሉም ይጠየቃል። እኔ ራሴ ያኔ የምኖረው አንድ የእህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ክፍሌ ጠባብ ከመሆኗ የተነሣ በሩን ስከፍት አልጋው ይመታል። ነጋዴው ደግሞ የግቢውን በር ዶሮ ስትሰፍር ይቆልፋል። ዘግይቼ ከመጣሁ ከውጭ ሆኜ ስለ አስተዳደጌ ንግግር እሰማለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ዳንቴሉን ገልጬ እንደተቀመጥኩ አያ ሞገስ ቢሮ ገቡ።

አያ ሞገስ የከተማው ደላላ ናቸው። በበጋም በክረምትም አንድ ካኪ ካፖርት ይለብሳሉ። ዣንጥላ ይይዛሉ፤ ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን ተዘርግቶ አይቼው አላውቅም፤ ቤት ለመጠቆም ብቻ የሚያገለግል ዣንጥላ ነው። ድሮ በቅሎና በሬ ነበር የሚያሻሽጡት። መሥሪያ ቤቱ ሲበዛና ሠራተኛው ሲጎርፍ ወደ ቤት ዞሩ። ከአፋቸው መጥፎ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ውሃ የማይደርስበትን ሰፈር «ጭቃ የሌለበት ቦታ» ይሉታል። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ «አየር እንደ ልብ» ነው። ሰውንም እንደዚሁ ነው የሚያሻሽሉት፤ በእሳቸው አፍ ሰካራም የለም፣ ተጫዋች እንጂ።

«ቤት ትፈልጋለህ አሉኝ» አሉ፣ ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ።

«ማን ነገረዎት?»

«ከተማው። ሚስትህም ልትመጣ ነው አሉ። እግዜር በሰላም ያገላግላት። እኔ እንግዲህ አንዲት ቤት…»

እጄን አነሣሁ። ያችን እጅ ዛሬ ባገኛት እመታት ነበር። ግን ከግራና ከቀኝ የሥራ ባልደረቦቼ እያዩኝ ነው፣ ኮምፒውተሩም በርቷል።

«አያ ሞገስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ ባለቤትና ተከራይ የሚገናኙት በዚህ ነው። መሃል ላይ ሰው አያስፈልግም። የእርስዎ ሥራ በሌላው ዓለም ቀርቷል» አልኩ።

አያ ሞገስ አልተቆጡም። ኮምፒውተሩን ዞሩት። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩት፣ በቅሎ የሚገዛ ሰው ኮቴዋን እንደሚያየው።

«ይናገራል?» አሉኝ።

«አይናገርም፤ ያሳያል።»

«ሰው ሲጣላ ይገላግላል?»

«ለምን ይጣላል አያ ሞገስ? ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆናል እኮ።»

«ግልጽ ከሆነማ ይጣላሉ» አሉና ዣንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። እኛም ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

ከዚያ ፍለጋዬን ጀመርኩ። የኢንተርኔቱ መስመር ከስልኩ ጋር አንድ ስለሆነ የሥራ አስኪያጁ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይቋረጣል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ተወዳጅ ሰው ነበር። ሰቆጣ የሚከራይ ቤት ብዬ ጻፍኩለት። ኮምፒውተሩ ሰቆጣ የሚባል አላውቅም፣ ሌላ ፈልገህ እንዳይሆን አለና ሐይቅ ዳር ያለ ቤት አመጣልኝ። ጀልባም አለው ይላል። እኛ በጄሪካን ተሰልፈን ለምናድር ሰዎች ጀልባ! ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይመጣል፤ መጀመሪያ ሰማዩ መጣ፣ ቀጥሎ ጣራው መጣ፣ ከዚያ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ጮኸ። ከጣራው በታች ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ኢሜይል ላላቸው ወዳጆቼ በሙሉ ቤት እንዲፈልጉልኝ ጻፍኩ። ኢሜይል ያላቸው ወዳጆቼ አብረውኝ የሠለጠኑት ናቸው። ከእነሱ መልስ የሰጠኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቤት እየፈለገ ስለሆነ የማውቀው ካለ እንድጠቁመው ለመነኝ።

በመጨረሻ ምድርን ከሰማይ የሚያሳይ ነገር አገኘሁ። ከጠዋት ጀምሮ እያመጣ፣ እያመጣ፣ ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ሰቆጣ ታየች። እውነቱን ለመናገር የታየው ቡናማ ነገር ነው፣ የቆየ ብርድ ልብስ የሚመስል። ከዳር በኩል ግን አንድ ነጭ አራት ማዕዘን ቦግ ብሎ ይታያል። ዙሪያው ባዶ ነው። አዲስ ቆርቆሮ፣ ሰፊ ግቢ፣ ጎረቤት የለ፣ አከራይ የለ! ስንዱ በሩን ስትከፍትና ስትዘጋ በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት። ቦታውን በወረቀት ላይ ሥዬ ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ሄድኩ።

ነጩ ነገር የእርዳታ እህል መጋዘን ነበር። ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስቆመኝ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ቤቱን ለማየት ነው።»

«ይሄ እኮ የእርዳታ ስንዴ ነው።»

እዚህ ላይ ይቅርታ ብሎ መመለስ ነበረ። እኔ ግን ከሰማይ ያየሁትን ነገር እንዲህ በቀላሉ መተው ከበደኝ። «ስንዴው መቼ ነው የሚወጣው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ከሰማይ አይቼው ነው።»

ቀበሌ ተወሰድኩ። ሊቀመንበሩ የያዝኩትን ሥዕል አገላብጦ ካየ በኋላ «የሚያውቅህ ሰው አለ?» አለኝ። ከቀበሌው ደጃፍ ላይ ቁጭ ያሉት ሁሉ አያ ሞገስን ጥራ ይሉኛል። እንዴት አድርጌ ልጥራቸው! የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ አያ ደርሶ ነገሩን ሰምተው መጥተው፣ ሰውዬው ኮምፒውተር ተምሮ እንጂ ሌባ እንዳልሆነ አስረድተው ይዘውኝ ወጡ። ይህ ቃል እንደ በሽታ የሚቆጠር መሆኑ ያኔ አልተሰማኝም።

ከዚህ በኋላ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። አሁንም ያለ ሰው፣ አሁንም በኩራት። ሰቆጣ ላይ ቤት ትጠይቃለህ፣ «እሺ፣ ይታያል» ትባላለህ። እኔ ይታያል ሲሉኝ እያየሁ እጠብቃለሁ። በጨዋ ደንብ እምቢ መባሌን የሚተረጉምልኝ ሰው አልነበረኝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቁልቁለት አንድ ቤት አየሁ። አዲስ የድንጋይ ቤት ነው። የብረት በሩ አረንጓዴ ተቀብቷል። ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ አለ፤ ሰው ግን የለም። የቤቱ ባለቤት እማሆይ ወለተ ማርያም ከጎን ባለው አሮጌ ቤታቸው እንደሚኖሩና አዲሱን ቤት ሳውዲ ያለው ልጃቸው እንዳሠራው ከመንገደኛ ሰማሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሮጬ ሄጄ አንኳኳሁ።

በዚያ አገር ቤት የሚጠየቀው እንዴት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ልጅ ለትዳር እንደሚጠየቀው ነው። መጀመሪያ ሌላ ሰው ሄዶ ይናገርልሃል። ኪራዩ በዚያ ቀን አይነሣም። በሁለተኛው ጊዜ አንተ ትሄዳለህ፣ ትቀመጣለህ፣ መሬት መሬት ታያለህ፣ ስትመሰገን እንደ እንግዳ ትሰማለህ። የቤቱን ጉድለት ባለቤቱ ፊት አታነሣም። ራስህን በራስህ አፍ ማመስገንማ ጭራሽ አይታሰብም።

እኔ እማሆይ በሩን እንደከፈቱልኝ ሰላም ብዬ ከኪሴ ሜትር አወጣሁ።

እማሆይ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ቆባቸውን አድርገው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሲያዩኝ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘረጋሁ። ቁመቱን ለካሁ። ጣራው ያፈስ እንደሆነ ጠየቅኩ። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ጠየቅኩ። የመስኮቱን ብረት ነቀነቅኩ።

«ልጄ፣ ምን እየለካህ ነው?» አሉኝ።

«የክፍሉን ስፋት ነው እማሆይ፤ አልጋና ቁም ሣጥን እንዲገባ።»

«እኔ ቤት ሜትር የገባው የልጆቼ አባት ያረፉ ለት ነበር። ለሣጥን» አሉና በመስቀል ምልክት አማተቡ።

ይህም አላነቃኝም። ሜትሩን ጠቅልዬ ራሴን ማስተዋወቅ ጀመርኩ። የተማርኩ መሆኔን ነገርኳቸው። የማልጠጣ፣ ጸጥተኛ፣ ታማኝ፣ ኪራይ የማላሳድር ሰው መሆኔን ዘረዘርኩ። እማሆይ መጀመሪያ ሌላ ሰው እያስተዋወቅኩ ያለሁ መስሏቸው ወደ በሩ አዩ። ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ አዘኑልኝ።

«ይሄን ሁሉ ራስህ ነህ የምትለው? የሚልልህ ሰው የለህም?»

«አያስፈልገኝም እማሆይ፤ እኔ በቀጥታ ነው የምሠራው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የነገሩኝ። «ይሄ ቤት ሰው አለው ልጄ። ሞገስ ያገኘልኝ ሰው ነው። አገሩ ወልድያ ነው አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ዝምተኛ ነው፣ አንገቱን የደፋ። ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ በሰው ነገር የማይገባ። ሚስቱ አስተማሪ ናት፣ ደርሳለች፣ ልትወልድ ነው። ልጄ ይሄን ቤት ካሠራው ሰው አላደረበትም፤ ማታ ማታ ዝምታው ያስፈራኛል። የሕፃን ድምፅ ልስማ ብዬ ስንቱን መልሼ ለእሱ አስቀምጬለታለሁ።»

ጆሮዬ ጭው አለ። በቅናት ነው የምላችሁ! ስለ ሚስቴ አንድ ቃል አልተነፈስኩም ነበር፤ የጉድጓዱን ጥልቀት ስጠይቅ ጊዜው አልፎብኛል። አሁን ደግሞ ሌላ አስተማሪ ያገባ የወልድያ ሰው መጥቶ ቤቴን ሊወስድብኝ! ተሰናብቼ ስወጣ በሩን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት መሰለኝ። ቁልቁለቱን እየወረድኩ ያንን ሰውዬ እረግመዋለሁ። አንገቱን የደፋ! እንዲህ ያለው ነው ሰው የሚያታልል እያልኩ በቁጣ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። አያ ደርሶ በር ላይ ናቸው።

«አያ ደርሶ፣ በዚህ ከተማ ከወልድያ የመጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር አስተማሪ የሆነች ሰው ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ» አሉኝ።

«ከእኔ ሌላ።»

«ከእርስዎ ሌላማ የለም።»

«ዝምተኛ ነው አሉ። አንገቱን የደፋ።»

አያ ደርሶ ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። «እንግዲያስ እርስዎም አይደሉም» አሉ።

እዚያው በሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። አያ ሞገስ ቢሮ የመጡ ዕለት «አንዲት ቤት» ያሉት ይቺን ነበር። ቤቷን አስቀድመው በእኔ ስም አስረው፣ እኔን እንደ ሰው አድርገው ሠርተው፣ ጨርሰው ነበር የመጡት። እኔ እጄን አንሥቼ አስቆምኳቸው። ከዚያም በገዛ እግሬ ሄጄ ራሴን ቀድሜ፣ ራሴን ከቤቴ አስወጣሁ።

በገበያው ቀን አያ ሞገስን ፍለጋ ሄድኩ። ከብት ተራ አንድ ከፃግብጂ የመጣ ሰው በሬ አቅርቧል፣ አንድ ከደሃና የመጣ ሰው ሊገዛው ፈልጓል፤ ሁለቱም ተኳርፈው ጀርባ ሰጥተው ቆመዋል። አያ ሞገስ በመሃል ይመላለሳሉ። ገዢው «ይሄ አጥንት ነው እንጂ በሬ አይደለም፣ አይኑን አያሳየኝ በለው!» ይላል። አያ ሞገስ ወደ ሻጩ ሄደው «በሬውን ወዶታል፣ ትንሽ ሥጋ ቢጨምር ኖሮ ይላል» ይሉታል። ሻጩም «ከዚህ ቆጥቋጣ ጋር አፌን አላበላሽም!» ሲል፣ ገዢው ጆሮ የሚደርሰው «ጨዋ ሰው መሆንህን አይቷል» የሚል ነው። ቆይተው ቆይተው ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ተሳሳቁም። የተባባሉትን ሁሉ አያ ሞገስ ካፖርታቸው ውስጥ ከተውት ቀሩ። ግልጽ ከሆነማ ይጣላሉ ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ስድቡን የሚቀበል ሰው ካልቆመ ሻጭና ገዢ አይገናኙም፤ ኮምፒውተር ደግሞ የተባለውን ሁሉ ያቀብላል እንጂ አይውጥም።

አጠገባቸው ሄጄ አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታውን በየት በኩል እንደምጀምረው ጠፍቶኝ ስለ በሬው ዋጋ ጠየቅኩ።

«ተወው» አሉኝ። «አንተ ሰድበኸኛል፤ ሚስትህ ግን አልሰደበችኝም። ና እንሂድ።»

መንገድ ላይ አየት አድርገውኝ «እማሆይን ሄደህ አላየሃቸውም አይደል?» አሉ።

«ባለፈው ሳልፍ ሰላም ብያቸው ነበር» አልኩ። ሜትሩን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። ያኔ ብናገረው ኖሮ ምናልባት መላ ያበጁ ነበር፤ ቢያንስ ቀን አሳልፈው፣ ቁጣውን አብርደው ይወስዱኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚያንገበግበኝ ይቺ ናት።

እማሆይ አያ ሞገስን በደስታ ተቀበሏቸው። በኽምጣንጋ ሰላምታው ረዘመ፤ እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ መሬት መሬቱን እያየሁ ቆሜያለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ከዚያ እማሆይ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ንግግራቸው ተቋረጠ። ቀጥለው ፈጠን ፈጠን እያሉ ተናገሩ፤ ሁለት እጃቸውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘረጉ፣ ቀጥሎም ወደ ጣራው አነሡ። ኽምጣንጋ ባላውቅም ሜትር ሲባል ገብቶኛል። አያ ሞገስ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉንም ነገር ተረዱ።

እማሆይ እኔም እንድሰማ ብለው ይመስለኛል ወደ አማርኛ መለሱት። «ሞገስ፣ በአንተ ቃል ነው ቤቴን ዘግቼ የተቀመጥኩ። ያ የነገርከኝ ሰው ይሄ ነው?»

አያ ሞገስ የዣንጥላውን እጀታ በመዳፋቸው አዞሩት። አዩኝ። መንገድ ላይ የነገርኳቸውን ሰላምታ እያሰቡ መሰለኝ።

«አይደለም እማሆይ» አሉ። «ያ ሰው አልመጣም።»

እኔ ነኝ ብዬ መጮህ እችል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን እኔ ነኝ ካልኩ አያ ሞገስ በእማሆይ ቤት ውሸታም ሆነው ሊቀሩ ነው። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። በዚያች ደቂቃ፣ ዝም ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ስቆም፣ እማሆይ የሚጠብቁትን ሰው ሆኜ ነበር። የሚያይልኝ ግን አልነበረም።

ስንወጣ አያ ሞገስ ቀድመውኝ ቁልቁለቱን ወረዱ። ከዚያ «ነው ብል ሁለታችንም እንወጣ ነበር ልጄ» አሉኝ። «አሁን የወጣኸው አንተ ብቻ ነህ። አንተ ኮምፒውተር አለህ። እኔ ከቃሌ ሌላ ምን አለኝ?» ከዚያም በኋላ አልተዉኝም፤ ዣንጥላቸውን ይዘው አብረውኝ ዞሩ። ነገር ግን ክረምቱ እያለቀ ነበር፣ ባዶ ቤትም አልነበረም። ትምህርት ተከፈተ። የስንዱ ቦታ ለሌላ አስተማሪ ተሰጠ።

ልጃችን ወልድያ ተወለደች። እኔ የመጀመሪያውን ለቅሶዋን የሰማሁት በቴሌ ቢሮ ሳጥን ውስጥ ቆሜ ነው። ከዚያ በኋላ ስንዱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርግላታለች፣ እኔ እዘፍንላታለሁ፣ ከውጭ የተሰለፈው ሰው በመስታወቱ ያየኛል። ለበዓል ሄጄ ላቅፋት ስል አይታኝ በጩኸት አገር አመሰች። ስንዱ የስልኩን እጀታ አንሥታ አፌ ላይ አደረገችልኝ። በእሱ ውስጥ ስናገር ልጅቷ ዝም አለችና ስልኩን በእጇ ዳሰሰችው፣ እኔን ሳይሆን። ስንዱ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። እኔም ወደ ውጭ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ለስንዱ ሌላ የሥራ ቦታ ተገኘና መጡ። ቤቱን ያገኙልን አያ ሞገስ ናቸው። አከራያችን ግቢው ውስጥ ናቸው፤ ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር «ምን ሆና ነው?» ይላሉ። የእማሆይ ቤት ደግሞ ያ ሰው ሲጠበቅ፣ ሲጠበቅ፣ ቆይቶ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ተከራየ። አረንጓዴው በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። ማታ ሠራተኛው ወደየቤቱ ሲሄድ ቤቱ እንደ ድሮው ዝም ይላል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጅቷን ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ፣ ስንዱ ከጎኔ ሆና በዚያ በኩል አለፍን። እማሆይ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ አስወርደው አቀፏት፣ ከሎሚው አንድ ሰጧት። እሷም ቀመሰችና ቁልቁለቱን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀች። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንን ጩኸት እስኪያልቅ አዳመጡ።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ባለ ሜትሩ አይደለህም?»

«ነኝ እማሆይ።»

«ያ ሰው ቀረ እኮ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለስንዱ ነበር የሚነግሯት። ዝምተኛ እንደነበር፣ አንገቱን የደፋ እንደነበር፣ ሽማግሌ ሲያይ እንደሚነሣ፣ በሰው ነገር እንደማይገባ አንድ በአንድ አወሩላት። «መንገድ ላይ ምን አግኝቶት ይሆን? ሁሌ በጸሎቴ አነሣዋለሁ።» ስንዱ ሁሉንም እስከ መጨረሻ ሰማች። እጃቸውን ስማ ተሰናበተች።

ታሪኩን ከዚያ በፊት ነግሬያት ስለነበር ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ልጅቷን ከእኔ ተቀበለችና አዘለቻት።

«ያን ሰው እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ለአባቴ የነገሯቸው ስለ እሱ ነበር። አባቴም የዳሩኝ ለእሱ ነው።»